መጽሐፉን አሁን ብጀምረው ያዋጣል?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስለ ተከታታይ ፊልሙ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሳንከራከር የምንለያይበት ቀን የለም። መጨረሻው ለምን እንደዚያ ሆነ? ፊልሙ የተሠራበትን ተከታታይ መጽሐፍስ ልጀምረው?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ፊልሙ መጽሐፉን ቀደመው። አምስተኛው መጽሐፍም ፊልሙም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ስድስተኛው ሳይታተም ፊልሙ በ2019፣ በ8 ሲዝንና በ73 ክፍል አለቀ። ስለዚህ የፊልሙ አዘጋጆች መጨረሻውን የሠሩት ከደራሲው የሰሙትን ጥቅል ሐሳብ ይዘው እንጂ የተጻፈ ገጽ እያዩ አይደለም። እኔንም ያናደደኝ ጥድፊያ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መጽሐፉን ግን ጀምረው! እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚተረከው። ከባለታሪኮቹ አንዷ አርያ ማታ ማታ የጠላቶቿን ስም እንደ ጸሎት ስትደግም ከውስጧ ሆነህ ትሰማታለህ። ፊልሙ ላይ የምናያት ከውጭ ነው።