አርባ ፖድካስት አከማችቶ አንዱንም አለመጨረስ፦ ለአንዲት የሥነ ጽሑፍ ተመራቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እመረቃለሁ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሬዲዮ ጣቢያ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ላይ ወይም አሳታሚ ቤት አርትዖት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ የሚያወሩ ፖድካስቶችን ስሚ ይሉኛል። ስፈልግ የሚመጣልኝ ግን ወሬና ቀልድ ነው። ስልኬ ላይ ወደ 40 ፕሮግራም አከማችቻለሁ፣ ዳር ያደረስኩት የለም፤ ዳታውም አልቻልኩትም። ከየት ልጀምር? ለሥራስ ይጠቅመኛል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሳ። አዎ፣ ይጠቅምሻል። ግን ብዙ ስለሰማሽ ብሎ የሚቀጥርሽ የለም፤ ቀጣሪ የሚያየው ከሰማሽ በኋላ በወረቀት ወይም በድምፅ የሠራሽውን ነው። ስለዚህ 40ውን ዛሬውኑ ሰርዢና 3 ብቻ ያዢ። የትኞቹን እንደሆነ እንመጣበታለን። መጀመሪያ አፈላለግሽ ይስተካከል፤ ያስቸገረሽ እሱ ነው።

«ኪነ ጥበብ» ወይም «ድርሰት» ብለሽ ስትጽፊ መተግበሪያው የሚያቀርብልሽ ብዙ ሰው የሚከፍተውን ነው። በርዕስ ሳይሆን በሰው ስም ፈልጊ። ሥራውን አንብበሽ የምታውቂውን አንድ ደራሲ፣ ተርጓሚ ወይም ሠዓሊ ምረጪና ስሙን ጻፊ። አዲስ መጽሐፍ ያወጣ ሰው በዚያው ሰሞን በተለያዩ ፕሮግራሞች ላይ ይቀርባል። ሁለት ሦስቱን የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ብቻ ስሚ። አንደኛው አቅራቢ የትውልድ ቦታውንና የልጅነት ችግሩን ሲጠይቀው፣ ሌላው «ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ጻፍከው? ምኑን አወጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የምታስቀሪው ሁለተኛውን ነው። እንግዳውን ስትከተዪ ጥሩው ፕሮግራም ራሱ ይገኛል። ለዚህ ሥራ ሊስን ኖትስ የተባለው የፖድካስት መፈለጊያ ድረ ገጽ ይመቻል፤ የፕሮግራም ስም ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ክፍል ስለሚፈትሽ የእንግዳ ስም ያወጣልሻል።

በአማርኛ ስትፈልጊ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ እሱም ፊደላችን ነው። «ሥነ ጽሑፍ»ን ተመልከቺ። ሥ ወይም ስ፣ ጽ ወይም ፅ፣ ሑ ወይም ሁ፤ ይኸው ብቻ 8 አጻጻፍ ይወጣዋል። ሁለቱን ቃል አያይዘው የሚጽፉትን ስትጨምሪ 16 ይሆናል። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሥ እና ስ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸውና፣ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ብትፈልጊው ላይመጣ ይችላል። 16ቱንም መሞከር አይጠበቅብሽም፤ «ሥነ ጽሑፍ»፣ «ስነ ጽሁፍ» እና «ስነፅሁፍ» ይበቃሉ፤ ከዚያ በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ። የሰው ስምም እንዲሁ ነው፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ፀጋዬ ገብረመድህን፣ ፀጋዬ ገ/መድህን፣ ሎሬት ጸጋዬ። በአንዱ ብቻ ፈልጎ «ስለ እሱ ምንም የለም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሌላው፣ የአማርኛው ሀብት አብዛኛው ፖድካስት ተብሎ አልተሰየመም። የሬዲዮ ቅጂ ነው። መዓዛ ብሩ በሸገር 102.1 የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» ለአንቺ ዓይነቷ ተማሪ ከ3ቱ ቀዳሚው ነው፤ አንድ ሰው በበርካታ ክፍል ተረጋግቶ የሚጠየቅበት ቃለ ምልልስ ነው። የዶይቼ ቬለ አማርኛ ክፍል፣ እ.አ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከጀርመን የሚያሰራጨው፣ የባህል ዝግጅት አለው። የአውስትራሊያው ኤስቢኤስ አማርኛም ክፍሎቹን በፖድካስት መተግበሪያዎች ላይ ያወጣል። እነዚህን ከራሳቸው ገጽ ስሚያቸው። ሌሎች ቆርጠው በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚለቋቸው ቅጂዎች ርዕሱ ተቀይሮ፣ መግቢያው ተቆርጦ፣ ቀኑ ጠፍቶ ነው የሚገኙት፤ ቀኑን ያላወቅሽውን ቃለ ምልልስ ደግሞ በጽሑፍ ልትጠቅሺው አትችዪም።

ሁለተኛው ከእንግሊዝኛው ነው፤ አርትዖት ከልብሽ ከሆነ፣ የዘ ኒው ዮርከር መጽሔት የልብ ወለድ ፖድካስት ላይ ረጋ ብለሽ ተቀመጪ። እ.አ.አ. በ2007 የተጀመረ ነው፤ አቅራቢዋ ዴቦራ ትሪስማን የመጽሔቱ የልብ ወለድ አርታዒ ናት። የተጋበዘ ደራሲ ሌላ ደራሲ በመጽሔቱ ላይ ያወጣውን አጭር ልብ ወለድ መርጦ ያነባል፤ ከዚያ ሁለቱ ይወያዩበታል። እዚህ ላይ አብዛኛው አድማጭ የሚሳሳተው ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻ በመስማቱ ነው። ንባቡ እንዳለቀ አቁሚው። 10 ደቂቃ ወስደሽ ታሪኩ የት ላይ እንደተጠመዘዘ፣ የቱ አንቀጽ ቢወጣ እንደማይጎድል፣ ማን እየተረከው እንደሆነ በራስሽ ቃል ጻፊ። ውይይቱን ከዚያ በኋላ ክፈቺ። እነሱ ያዩትንና አንቺ ያለፍሽውን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ አንድ አርታዒ ጽሑፍ ላይ ዓይኑን የት እንደሚጥል ይገባሻል። በዚህ መልክ የተሰማ አንድ ክፍል እንዲሁ ከተሰሙ አሥር ክፍሎች ይበልጣል።

ሦስተኛው የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ «ወርልድ ቡክ ክለብ» ይሁን። አንድ ደራሲ ስለ አንድ መጽሐፉ ከተለያየ አገር ለሚመጡ የአንባቢ ጥያቄዎች ይመልሳል። ለሬዲዮ ፈላጊ ትምህርቱ መልሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ አጭር ጥያቄ ረጅም መልስ ሲያወጣ፣ ረጅም ጥያቄ ደግሞ በ«አዎ» ሲዘጋ ታያለሽ። ወደ ድራማ ካዘነበልሽ የፊልም ጸሐፊዎቹ የጆን ኦገስትና የክሬግ ሜዚን ፖድካስት «ስክሪፕትኖትስ» አድማጮች የላኳቸውን የመጀመሪያ 3 የስክሪፕት ገጾች የሚገመግምበት ክፍል አለው፤ ገጾቹን አውርደሽ አስተያየትሽን ከጻፍሽ በኋላ ስሚው። እንግሊዝኛው ከፈጠነብሽ በአፕል ፖድካስት ላይ እ.አ.አ. ከ2024 ወዲህ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ጽሑፍ ይወጣል፤ አስቀድመሽ አንብቢው።

ስለ ዳታ። «ጉግል ፖድካስት ጫኚ» የሚል ምክር ካጋጠመሽ እለፊው፤ በ2024 (እ.አ.አ.) ተዘግቷል። ለአንድሮይድ ስልክ አንቴናፖድ ነፃ ነው፤ ምዝገባም ማስታወቂያም የለውም። ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ በሞባይል ዳታ ማውረድንና በቀጥታ ማጫወትን ዝጊ፣ ራሱ እንዳያወርድም አድርጊ፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሺ የመረጥሽውን ብቻ ታወርጃለሽ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት (የድምፅ ጥራት መለኪያ ነው) የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ64 ኪሎቢት ከሆነ ግማሹ። ሳምንት ውስጥ 2 ሰዓት ብትሰሚ ከ120 ሜጋባይት አይበልጥም። ዳታሽን የበላው ያንኑ ንግግር በቪዲዮ ማየትሽ፣ ወይም በቀጥታ የሰማሽውን መልሰሽ ማውረድሽ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር እዚያው ቅንብር ውስጥ እንዳለሽ አስተካክዪ፦ ፍጥነቱን 1 ላይ አድርጊ፣ ዝምታን የሚዘለውንም አጥፊ። ለወሬ ሲሆን ማፍጠን አይከፋም። ሙያ ለመማር ሲሆን ግን ዝምታው ራሱ ትምህርት ነው። ለምትሰሚው ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የማስታወሻ ካርድ ያዢ። ካርዱ ላይ «በጣም ደስ የሚል ቃለ ምልልስ» ብለሽ ከጻፍሽ ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግርሽም። ይልቅ እንዲህ ይሁን፦ «14:20፤ ስለ እናቱ ጠየቀችው። 4 ሰከንድ ዝም አለ። ዝምታውን አልሞላችውም። ቀጥሎ የመጣው መልስ ከሁሉ የጠለቀ ነበር። "እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር" ብሎ ይጀምራል።» ደቂቃውም ቃሉም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ፖድካስቶች ማስታወቂያን እንደ አድማጩ አገርና ጊዜ እየቀያየሩ ስለሚያስገቡ፣ አንቺ ጋ 14:20 የነበረው ሌላው ጋ 15:05 ሊሆን ይችላል።

የአርትዖቱን ጆሮ ለማሠልጠን ደግሞ ከፖድካስት ሁሉ በፊት የነበረ አንድ ቅጂ አለ፦ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። መጽሐፉን ክፈቺ፣ እርሳስ ያዢ፣ 2 ገጽ ብቻ። ትንፋሹን በወሰደበት ቦታ ሁሉ ጭረት አድርጊ። ከዚያ ጭረቶቹን ከነጠላ ሰረዙ፣ ከድርብ ሰረዙና ከአራት ነጥቡ ጋር አስተያዪ። የት እንደሚገጥሙ፣ የት ተራኪው ሥርዓተ ነጥቡን አልፎ እንደሄደ ይታይሻል። የአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር መቆረጥ ያለበት የት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

አሁን ወደ ሥራው። 8 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ክፍል በካርድ። ከ8ቱ ካርድ ሁለት ነገር አውጪ። የመጀመሪያው አንድ እንግዳ በሁለት ፕሮግራም የሰጠውን ቃለ ምልልስ የሚያነጻጽር 400 ቃል። ሁለተኛው ባሕር ዳር ለሚኖር አንድ ደራሲ ወይም ሠዓሊ የተዘጋጀ 12 ጥያቄ፤ ሥራውን ሳያነብ ወይም ሳያይ ማንም ሊጠይቀው የማይችል ጥያቄ ይሁን። «ወደ ጽሑፍ እንዴት ገባህ?» ከ12ቱ ውስጥ አይኑር። ሰውዬውን አግኝተሽ ፈቃዱን ከጠየቅሽ በኋላ በስልክሽ ቅጂው፤ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ይሁን፣ ስልኩም ከአፉ አንድ ስንዝር ይራቅ። ባዶ ክፍል ድምፁን ያስተጋባል፣ ያንን ደግሞ በኋላ ማጽዳት ከባድ ነው። ከተቀዳው ምርጡን 3 ደቂቃ ቁረጪ።

ለሬዲዮ የምትልኪው ደብዳቤ ከ120 ቃል አይለፍ። «የኪነ ጥበብ ፍቅር አለኝ» የሚለውን ተዪውና በቀጥታ ለየትኛው ዝግጅታቸው፣ ማንን፣ በምን ጉዳይ ልታቀርቢ እንደምትችዪ ጻፊ። 3 ደቂቃውን አያይዢ። ለአሳታሚ ቤት ከሆነ ድምፁን ትተሽ አንድ ገጽ አርትዖት ላኪ፤ በግራ በኩል የቀድሞው፣ በቀኝ የታረመው፣ ከሥር ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ መስመር ምክንያት። የላክሽው ፋይል ላይ ሙሉ ስምሽና ስልክሽ ይኑር፤ አዘጋጁ ከሁለት ወር በኋላ ሊፈልግሽ ቢያስብ ፋይሉ ብቻ ነው እጁ ላይ የሚቀረው።