ጎደለ የተባለው ሬዚስተርና በእርግጥ የጎደለው ካፓሲተር

ጥያቄ፦ ለልጄ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራና በ555 አይሲ (ባለእግር ቺፕ) ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ብልጭ ድርግም የሚያደርግ የጀማሪዎች መገጣጠሚያ ገዛሁለት። ዝርዝሩ ላይ ካሉት መካከል 1 ኪሎ ኦምና 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮቹ ተገኝተዋል፤ 330 ኦም ሬዚስተሩና 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩ ግን የሉም። ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርም (የቀለም ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ) አለ። የጎደሉትን ቦታዎች በሽቦ ባገናኛቸው ይሠራል?

መልስ፦ በሽቦ አያገናኟቸው። የ330 ኦሙ ሥራ ወደ ኤልኢዲው የሚሄደውን ከረንት መገደብ ስለሆነ፣ ቦታው በሽቦ ከተተካ ኤልኢዲው ሊቃጠል ይችላል፤ የካፓሲተሩ ቦታ በሽቦ ከተገናኘ ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ያለማቋረጥ ይበራል።

ሬዚስተሩ ግን የጎደለ አይመስለኝም። የላኩልኝን ቀለሞች ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረው ያንብቧቸው፦ ብርቱካናማ 3፣ ብርቱካናማ 3፣ ጥቁር 0፤ አራተኛው ጥቁር በ1 ማባዛትን ስለሚያመለክት ውጤቱ 330 ኦም ነው። ባለአምስት ቀለበት ሬዚስተር ላይ የመጨረሻው ቀለበት የስሕተት ወሰን (እውነተኛው ልክ ከተጻፈው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል) ሲሆን፣ በዚያ ቦታ 1 በመቶ የሚያመለክተው ቡናማ የተለመደ ነው፤ ብርቱካናማ ግን እምብዛም አይገኝም። መመሪያው ባለአራት ቀለበቱን (ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ) ሥሎ ከሆነ መደናገርዎ አይገርምም፤ እኔም በእነዚህ ባለአምስት ቀለበት ሬዚስተሮች ላይ ከዓይኔ ይልቅ የኦም መለኪያ ሜትሬን አምናለሁ። ከመበየድዎ በፊት ሲለኩት ከ327 እስከ 333 ኦም ካሳየ ነገሩ አልቋል። ካላሳየ 470 ኦም ይግዙ፤ ብርሃኑ በጥቂቱ ቢቀንስም ይሠራል። ከ330 በታች ግን አይውረዱ።

ካፓሲተሩን በተመለከተ፣ አስቀድመው አይሲው የተሰካበትን ስፖንጅና የማሸጊያውን ማዕዘኖች ይፈትሹ፤ ከዚያ ካልተገኘ በእርግጥም ጎድሏል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ካፓሲተር የሚወስነው የብልጭታውን ፍጥነት ብቻ ስለሆነ ልኩ በትክክል 10 መሆን የለበትም። በ10 ማይክሮፋራድ መብራቱ በሁለት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይበራል፤ በ22 ከተተካ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ወርዶ በሦስት ሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ይሆናል፤ ለልጅ እንዲያውም ይህ ለማየት ይቀላል። ሁለት ባለ4.7 ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ጋር ቢያያዙ 9.4 ስለሚሰጡ ልዩነቱ አይታወቅም፤ አንዱን ከሌላው ቀጥሎ በተከታታይ ማያያዝ ግን አቅሙን ወደ 2.35 ያወርደዋል። የሚገዙት 16 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን፤ 25ም 50ም ያስኬዳል።

ከአሮጌ ሬዲዮ ቦርድ መንቀልም ይቻላል፤ ነገር ግን ልጁ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ወይም የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ እንዳይፈታ ይከልክሉት፤ በውስጣቸው ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከመስመሩ ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከሬዲዮው የተነቀለው እግሩ ስለሚቆረጥ፣ ኔጋቲቩን በእግሩ ማጠር ሳይሆን በገላው ላይ ባለው መስመር ይለዩት፤ መስመር ያለበት ወገን ከ555ቱ 1ኛ እግር፣ ሌላው ከ2ኛውና ከ6ኛው እግር ጋር ይገናኛል።