ደግ ነኝ የሚል ምስክር

ልጆቼ፣

የሕዋ ነገር የሚማርካችሁ፣ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ወጥታችሁ በቴሌስኮፑ ለማየት የምትጓጉ ብዙ ናችሁ። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጥብቅና ነው። ግን አንዷ ጥያቄያችሁ የእኔንም ሙያ ትነካለች። ሩቅ ዓለም ላይ የሚያስብ ፍጡር ካለ፣ የሰው ልጅ ክፉና ደጉን እንዴት እንደሚለይ በምን እናስረዳዋለን?

ሒሳቡ አያስቸግርም። ሁለትና ሁለት የትም አራት ነው። አደራ መብላት ነውር መሆኑን ግን በቁጥር እንዴት ትጽፉታላችሁ?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለቱን የቮዬጀር መንኮራኩሮች ሲያመጥቁ ምናልባት አንድ ቀን ለሚያገኛቸው ፍጡር ብለው በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ (ድምፅና ምስል የተቀረጸበት ዲስክ) ጭነውባቸው ነበር። ሥራውን የመራው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካርል ሳጋን ነው። ከመቶ በላይ ምስሎች፣ 90 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ፣ በ55 ቋንቋዎች የተቀዳ ሰላምታ አለበት። (ከአፍሪካ ሉጋንዳ፣ ሶቶና ኒያንጃን የመሳሰሉ ገብተዋል፤ አማርኛ የለም። እኔ በበኩሌ ቅር ብሎኛል።) አዘጋጆቹ ጦርነት፣ በሽታና ወንጀል የሚያሳይ ምስል እንዳይገባ ወሰኑ። በጎ በጎው ብቻ ይታይ አሉ።

አልፈርድባቸውም። ግን ችሎት ውስጥ ያየሁት ነገር አለ። ምስክር ቀርቦ ስለራሱ ጥሩ ጥሩውን ሲደረድር ዳኛው ብዕራቸውን ቁጭ ያደርጋሉ። «አዎ፣ ያን ቀን ትንሽ ጠጥቻለሁ፤ በሩን የሰበረውን ሰውዬ ግን አይቼዋለሁ» ሲል ቀና ይላሉ። ራሱን የሚያሳጣ ነገር ያልደበቀ ሰው ይታመናል።

በዚያ ሸክላ ላይ ከተናገሩት አንዱ የያኔው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኩርት ዋልድሃይም ናቸው። የምንፈልገው ሰላምና ወዳጅነት ብቻ ነው ይላሉ። ንግግሩ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1986 ለኦስትሪያ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ግን ሲደብቁት የኖሩት ነገር ፈነዳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባልካን የናዚ ጀርመን ጦር መኮንን ሆነው አገልግለዋል። ምርጫውን ማሸነፉንስ አሸነፉ። ድምፃቸው ግን እስካሁን ጉዞ ላይ ነው፤ ቮዬጀር 1 እ.ኤ.አ. በ2012 በከዋክብት መካከል ወዳለው ሕዋ ገብታለች። ሮጦ ደርሶ ቃሉን የሚያርም የለም።

ከሸክላው እኔን የገዛኝ ሌላ ነው። ሰላምታ ሰጪዎቹ አጠር ይሁን ተባሉ እንጂ እንዲህ በሉ አልተባሉም። በደቡብ ቻይና በሚነገረው የአሞይ ቋንቋ የቀዳችው ሴት ታዲያ ምን አለች? የሕዋ ወዳጆች፣ ደህና ናችሁ? ምግብ በላችሁ? ጊዜ ካገኛችሁ ብቅ በሉ። በቃ። ስለ ደግነት ትንፍሽ አላለችም። እንግዳው እንዳይርበው ነው ያሰበችው። የሩቁ ፍጡር አፍ ይኑረው አይኑረው እንኳ ማን ያውቃል! የእኛም እናቶች ተራ ቢደርሳቸው ከዚህ አይርቁም ነበር።

ነገሩን ከሒሳብ ተነስቶ የሞከረውም አለ። ሃንስ ፍሮይደንታል የተባለ የኔዘርላንድስ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ሊንኮስ የሚባል፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚላክ ቋንቋ ነደፈ። ከቁጥር ይነሳና ቀስ እያለ ወደ ሰው ጠባይ ይሻገራል። ለምሳሌ አንዱ ይጠይቃል፦ በ4 ሲባዛ 10 የሚሆነው ቁጥር ስንት ነው? ሌላው 10/4 ይላል። ጠያቂው «መጥፎ» ይለዋል። 1/4 ይላል፤ አሁንም «መጥፎ»። 5/2 ሲል «ጥሩ» ይባላል። ልብ በሉ፣ 10/4 ውሸት አይደለም። ግን ሥራውን ሳይጨርስ ጥያቄውን መልሶ መስጠት ነው። እውነት የሆነ ሁሉ መልካም መልስ እንዳልሆነ ያለ አንዳች ስብከት ታየ። «እውነቱን ነው የተናገርኩት» እያሉ ግማሹን የዋጡ ስንት ደንበኞች ነበሩኝ መሰላችሁ!

ስለዚህ አንድ ቀን መልእክት አርቅቁ ብትባሉ «ሰው ሩኅሩኅ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ሦስት ያለው ሰው፣ ምንም ለሌለው አንዱን ሲያካፍል አሳዩ። ቀጥሎ ሦስቱንም ይዞ የሚሄደውን አሳዩ። የትኛውን «ጥሩ» እንደምንል ጻፉ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ሆነን እንደምንገኝም አትደብቁ። ያኔ መልእክቱን የሚቀበለው ፍጡር ምን እንደምንሻና ምን እንደሚያቅተን ሁለቱም ይገባዋል።

ሌላው፣ ማን ወከላችሁ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍራንክ ድሬክና ባልደረቦቹ ከፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ኤም13 ወደተባለው የከዋክብት ስብስብ የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ መልእክት ላኩ። ስብስቡ 25,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማርቲን ራይል በዚህ ተቆጣ፤ እዚያ ያለው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ራሳችንን ማሳወቅ አደጋ አለው ባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የዶሪቶስ ቺፕስ ማስታወቂያ ወደ ሌላ ኮከብ ተላከ። አዎ፣ የቺፕስ ማስታወቂያ! እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ የሳይንቲስቶች የመርህ ሰነድ ከሌላ ዓለም ምልክት ቢመጣ ዓለም ሳይመክርበት መልስ አይላክ ይላል። ግን አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ለእኔ ዋናው መልእክት ከዚህ ይጀምራል። የሰው ልጅን ሳይጠይቁ በሰው ልጅ ስም ስለ ፍትሕ መናገር ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?

ሕግ የምታጠኑ ልጆች፣ የውርስና የይዞታ ክርክር እኔንም አብልቶኛል፤ አልንቀውም። ግን ወደዚህም ዘወር በሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ቪየና ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ1967ቱ የሕዋ ስምምነት ጀምሩ። አጭር ነው፣ 17 አንቀጽ ብቻ። ዘጠነኛውን ደጋግማችሁ እዩት፤ አገሮች በሕዋ ሥራቸው አንዱ ሌላውን የሚያውክ ሲሆን ቀድመው እንዲመካከሩ ያዛል። ወደ ከዋክብት ስለሚላክ መልእክት ግን አንድም ቃል የለበትም።