የሰው ቂም አትዋሱ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የስፖርት ገጽ ከፍታችሁ ለምትጽፉት፣ ኤፍ ኤም ላይ ማይክ ለመያዝ ለምትለማመዱት፣ እንዲሁም በየጨዋታው ማግስት ኮሜንት ስር ስትሟገቱ ለምታመሹት ነው። እኔ በዚህ ሙያ አርጅቻለሁ። ጋዜጣም ሬዲዮም ላይ ሠርቻለሁ። ብዙ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ግን ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው የማወራው። እንግሊዝን ስለመጥላት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ለአርሰናል ወይም ለማንቼ ነፍሱን የሚሰጥ ልጅ፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ለተጋጣሚው ይሆናል። "ማንም ያሸንፍ፣ እንግሊዝ ብቻ አትሁን" ይላል። እዚህ ድረስ ችግር የለብኝም። ደጋፊ የፈለገውን መደገፍ መብቱ ነው፤ ፉክክር የሌለበት ኳስም ኳስ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከፊሽካው በኋላ የሚመጣው ነው። "ቅኝ ገዥዎች" ይባላል፣ "ሌቦች" ይባላል፣ ከዚያ ስድቡ ከአገሪቱ ወርዶ አንድ ልጅ ላይ ያርፋል። ይህን ቁጣ ከየት አመጣችሁት? አብዛኛው ከአየርላንዶች፣ ከስኮትላንዶች፣ ከአርጀንቲናዎች የተወሰደ ነው። ባለቤቶቹ ቂማቸውን እንዴት እንደያዙት ግን አላያችሁም። እስቲ ላሳያችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ከአየርላንድ ልጀምር። ደብሊን ውስጥ ክሮክ ፓርክ የሚባል ስታዲየም አለ፤ አየርላንዶች የራሳቸውን ጌሊክ እግር ኳስና ኸርሊንግ የሚጫወቱበት። ኖቬምበር 21 ቀን 1920 እሁድ ነበር፣ የነጻነት ጦርነቱም ተፋፍሟል። ጠዋት የአየርላንድ ታጣቂዎች ከተማዋ ውስጥ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችን ገደሉ። ከሰዓት በኋላ ደብሊንና ቲፐራሪ እየተጫወቱ ሳለ የእንግሊዝ መንግሥት ኃይሎች ወደ ስታዲየሙ ገብተው ሕዝቡ ላይ ተኮሱ። 14 ሰው ሞተ። አንዱ የቲፐራሪው ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነው። የ10፣ የ11 እና የ14 ዓመት ልጆች ከሟቾቹ መካከል ነበሩ፤ ሠርጓ ቀናት ብቻ የቀሩት ወጣት ሴትም ነበረች። ዛሬ ከስታዲየሙ ትላልቅ የተመልካች መቀመጫዎች አንዱ በሆጋን ስም ይጠራል።

ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ይፈለጋል? ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ የጨከኑት። የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር አባሎቹ እግር ኳስ፣ ራግቢና ክሪኬት እንዳይጫወቱ፣ ገብተው እንዳያዩም ከልክሎ ነበር። የባዕድ ጨዋታዎች ናቸው ብሎ። በ1938 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ የአየርላንድንና የፖላንድን የእግር ኳስ ግጥሚያ ስላዩ ብቻ ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ተነሱ። ፕሬዚዳንቱ! እገዳው የተነሳው በ1971 ነው፤ የክሮክ ፓርክ በር ግን ከዚያም በኋላ ለእግር ኳስና ለራግቢ ብዙ ዓመት ዝግ ሆኖ ቆየ።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ሆነ። በ1972 ሰሜን አየርላንድ በደም ታጥባ፣ ደብሊን ውስጥም የእንግሊዝ ኤምባሲ ተቃጥሎ ነበር። የስኮትላንድና የዌልስ ራግቢ ቡድኖች ሰግተው ደብሊን ሳይመጡ ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ተራው የእንግሊዝ ሆነ። መጡ። ሜዳ ሲገቡ ያ ሁሉ የደብሊን ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ለደቂቃዎች አጨበጨበላቸው፤ ከዚያ ጨዋታው ተጀመረና 18 ለ 9 ተሸንፈው ወጡ። ማታ በእራት ግብዣው ላይ የእንግሊዙ አምበል ጆን ፑሊን ተነስቶ "ጎበዞች ላንሆን እንችላለን፣ ቢያንስ ግን መጥተናል" አለ። አየርላንዶች ይህን ንግግር እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2007 መጣ። የራግቢው ስታዲየም በአዲስ ሊሠራ ስለነበር ማኅበሩ ደንቡን አላልቶ ክሮክ ፓርክን ፈቀደ። ተጋጣሚዋ እንግሊዝ ናት። የእንግሊዝ ንግሥት መዝሙር እዚያ ሜዳ ላይ፣ ሆጋን የወደቀበት ሣር ላይ ይዘመር? አገሩ በሙሉ ሲከራከር ሰነበተ። ቀኑ ደረሰና መዝሙሩ ተጀመረ። ከ80 ሺህ በላይ ሰው በጨዋነት ቆሞ አዳመጠው፣ ሲያልቅም አጨበጨበ። ተራው የራሳቸው መዝሙር ሲሆን ያ ግዙፉ የአየርላንድ ተጫዋች ጆን ሄይስ እንባው ፊቱ ላይ ሲወርድ ካሜራው ያዘው። ከዚያ አየርላንድ እንግሊዝን 43 ለ 13 ቀጠቀጠቻት። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፣ እለምናችኋለሁ። ያንን መዝሙር አክብረው የሰሙ ሰዎች ናቸው በዚያ ቀን በዚያ ኃይል የተጫወቱት፣ በዚያ ጉሮሮ የጮኹት። አክብሮቱ ከፉክክሩ ላይ ምንም አልቀነሰም።

አርጀንቲናን ሁላችሁም በማራዶና ነው የምታውቋት። የ1986ቱን የእጅ ጎል፣ ከእሱም ደቂቃዎች በኋላ የመጣውን ያንን ተአምረኛ ጎል መድገም አያስፈልገኝም። እኔ የማነሳላችሁ ኦስቫልዶ አርዲሌስን ነው፤ ከዚያ አራት ዓመት በፊት የሆነበትን። አርዲሌስ የ1978 የዓለም ዋንጫ አሸናፊ ነው፣ ከዚያ ቶተንሃም ገባ፣ ለንደንም "ኦሲ" እያለች ወደደችው። ኤፕሪል 2 ቀን 1982 አርጀንቲና በእንግሊዝ እጅ የነበሩትን የፎክላንድ ደሴቶች ያዘች። በማግስቱ ቶተንሃም ከሌስተር ጋር የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ነበረው። አርዲሌስ ተሰለፈ። የሌስተር ደጋፊ ኳስ በነካ ቁጥር ጮኸበት። የቶተንሃም ደጋፊዎች ደግሞ ደሴቶቹን አርጀንቲና ትውሰድ፣ ኦሲን ግን ለእኛ ተዉልን የሚል መፈክር ይዘው ታዩ። አገራቸው ወደ ጦርነት እየገባች ሳለ! በጦርነቱ 649 አርጀንቲናውያንና 255 የብሪታኒያ ወታደሮች አለቁ። ከሞቱት አንዱ የአርዲሌስ ዘመድ ነው፤ የአጎቱ ልጅ፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪው ሆሴ አርዲሌስ። እንግዲህ ቂም መያዝ የሚገባው ሰው ካለ እሱ ነው። ለጥቂት ጊዜ ፓሪስ ሄዶ ተጫወተ። ከዚያ ወደ ቶተንሃም ተመለሰ፣ ዓመታት ተጫወተለት፣ በኋላም አሠልጣኙ ሆነ። ለአገሩ ያለው ፍቅር ደግሞ አንድ ቀን አልተጠረጠረም።

ስኮትላንድን አጠር ላድርገው። እነሱና እንግሊዝ በ1872 ግላስጎ ላይ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ግጥሚያ ተጫውተው 0 ለ 0 ከተለያዩ ወዲህ እየተነካከሱ ነው፣ የወንድማማች ጠብ ነው። ከእነሱ ታሪክ ለእናንተ የሚጠቅመው የቴኒስ ተጫዋቹ የአንዲ መሪ ነገር ነው። በ2006 ገና 19 ዓመቱ ሳለ ለዓለም ዋንጫ ማንን እንደሚደግፍ ተጠየቀ። ስኮትላንድ አላለፈችም ነበር፣ በዚያ እየቀለዱበት ነው የጠየቁት። እሱም በቀልድ "ከእንግሊዝ ጋር የሚጫወተውን" ብሎ መለሰ። ሳቁ ቀረና ቃሉ ብቻ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ለዓመታት ተሰደበበት። ያ ልጅ ነው በ2013 ዊምብልደንን ያሸነፈው፤ በወንዶች ነጠላ ብሪታኒያ 77 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ። ጋዜጠኛ ልትሆኑ የምታስቡ፣ ቪዲዮው ካለ ቪዲዮውን ሳታዩ ከሰው አፍ የተቆረጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ አትሩጡ። በላይክ የምታገኙት ነገር የአንድን ልጅ ስም ለዓመታት ማቆሸሽ ያህል ዋጋ የለውም።

ዌልስም የራሷ አላት። በ1965 ለሊቨርፑል ከተማ ውሃ ለማጠራቀም ሲባል ካፔል ኬሊን የምትባል መንደር ከነትምህርት ቤቷ፣ ከነጸሎት ቤቷ ውሃ ውስጥ ገባች፤ ከ36ቱ የዌልስ የፓርላማ አባላት አንድም ሰው ዕቅዱን ደግፎ ድምፅ አልሰጠም፣ ማንም ግን አልሰማቸውም። የዌልስ ሰው ራግቢ ላይ እንግሊዝን ሲያገኝ ለምን እንደሚያገነፍለው ይህን ሳታውቁ አይገባችሁም። ቂም አድራሻ አለው የምለው ለዚህ ነው፤ ቦታ አለው፣ ቀን አለው፣ የሞተ ሰው ወይም የሰጠመ መንደር አለው። ያንን ሳያውቁ ጩኸቱን ብቻ መውሰድ ምንድነው? አባቶቻችን ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ጁላይ 11 ቀን 2021፣ ዌምብሌይ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ። ጣሊያን እንግሊዝን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ ሳቱ። ሳካ 19 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻዋን ምት ለመምታት ብቻውን ከመሀል ሜዳ ሲራመድ አይታችሁታል፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የአርሰናል ልጆች ናችሁ። ከዚያ በኋላ በሦስቱ ላይ የዘረኝነት ስድብ ዘነበባቸው፣ ጦጣ፣ ሙዝ፣ ሌላም ሌላም። ብዙ ሰው ይህ የእንግሊዝ ሰካራሞች ሥራ ብቻ ይመስለዋል። የብሪታኒያ ፖሊስ ወንጀል ናቸው ብሎ ከለያቸው 207 ልጥፎች ውስጥ ግን 34ቱ ብቻ ናቸው እዚያው አገር ካሉ ሰዎች መሆናቸው የታወቀው፤ 123ቱ ከውጭ ናቸው። ከውጭ! ሰው አህጉር ተሻግሮ ጥቁር ልጅን በቆዳው ይሰድባል። ይህን ቁጥር ሳየው እኛ አገር ያሉትን ገጾች አሰብኩ፣ ደነገጥኩም። የእኛ ልጆች እንደዚያ ጻፉ አላልኩም። ግን በዚያ ሰሞን በየገጹ የነበረውን ሳቅ አስታውሳለሁ፤ የዚያ ሳቅ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ?

"እኛስ ከእንግሊዝ ጋር ሒሳብ የለንም ወይ?" የሚለኝ ይኖራል። አለን እንጂ። በ1868 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት የዘረፈው መጽሐፍ፣ ዘውድና ታቦት በዝሆን ተጭኖ ወረደ። 11 ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ግምጃ ቤት ናቸው። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፣ ዊንዘር ተቀበረ፤ በ2023 አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም። ይህ የራሳችን ነው፣ ማንም አላዋሰንም። ስለዚህ ጻፉ፣ ደጋግማችሁ ጻፉ፣ ሙዚየሙን ጠይቁ፣ ፓርላማቸውን ጠይቁ። የቡካዮ ሳካ ኢንስታግራም ግን የዚህ ሒሳብ መክፈያ አይደለም። ወላጆቹ ከናይጄሪያ የሄዱ ልጅ ነው።

የራሳችንን ቂም ሜዳ ላይ ይዘን የገባንበት ቀንም አለ። በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ሲሮጥ ጣሊያን ከአገራችን ከተባረረች 20 ዓመት አልሞላትም። የክቡር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ በዚያች ከተማ ሮጠ፣ ከእኛው አገር በተወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አፍትልኮ ወጣ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። መሽቶ ስለነበር ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩለት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ቂም እንዲህ ነው የሚመለሰው፤ ማንንም ሳይሰድብ፣ ቀድሞ በመግባት።

የዛሬው የእኛ ተፎካካሪ ኬንያ ናት፣ እውነተኛው ፈተናችሁም እዚያ ነው። ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የሁለቱን ፊት ያየ ሰው ጥላቻ አላየም። እስከ ዛሬም ወዳጆች ናቸው። አሁን ግን በየሩጫው ማግስት "ዶፒንግ ነው"፣ "ኬንያ ሌባ" እያላችሁ ስትጽፉ አነባለሁ፣ ስሙን እንኳ አስተካክላችሁ ስላልጻፋችሁት ልጅ። በሚቀጥለው ውድድር ማይክ የሚደርሳችሁ ካላችሁ፣ ከዋዜማው ጀምሩ። የኬንያውን ሯጭ ስም አጠራር ከአገሩ ዘጋቢ ጠይቁ፣ ከየት መንደር እንደመጣ፣ ምርጥ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ባለፈው ከእኛ ልጅ ጋር ሲገናኙ ምን እንደሆነ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ የእኛ ልጅ ሲቀድመው እስከምትችሉት ድረስ ጩኹ፤ አድማጩም ማንን እንደቀደመ ያውቃል።