መነጽር ዓይንን ያሰንፋልን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ዓመት ሲሆን የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ስላቃተኝ ልጄን እጠራለሁ፤ ዳዊት ስደግምም መጽሐፉን ካላራቅሁት ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። የሩቁን ግን እንደ ወትሮው አያለሁ። ጎረቤቶቼ «መነጽር ከጀመርሽ ዓይንሽ ይሰንፋል፤ ቁጥሩም እየጨመረ ይሄዳል» ስላሉኝ ፈርቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የስፌት ባለሙያ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ሁኔታ ሐኪሞች ፕሬስቢዮፒያ የሚሉት፣ ከ40 ዓመት በኋላ ይዋል ይደር እንጂ በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ለውጥ ይመስላል። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት ለስላሳ ስለሆነ፣ ቅርብ ስንመለከት በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲኮማተር በቀላሉ ይወፍራል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ሌንሱ እየደረቀ ስለሚሄድ ጡንቻው ቢሠራም ቅርጹን እንደ ቀድሞው አይለውጥም።

ጎረቤቶችዎ ቁጥሩ ሲጨምር ማየታቸው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ተሳስተዋል። በ45 ዓመት ገደማ 1 ዲዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ ነው) ያህል የሚበቃው ሰው በ60ዎቹ መግቢያ 2.5 ያህል ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን መነጽር ቢያደርጉም ባያደርጉም ነው። በዚህ ፍርሃት ምክንያት እጀ ብርቱ የሆነች ባለሙያ መርፌዋን ስታስቀምጥ ማየት ያሳዝነኛል።

የሩቅ ዕይታዎ ደህና ከሆነ ተራ የንባብ መነጽር ይበቃዎታል። ሩቅና ቅርብ እያፈራረቁ ለሚያዩ፣ ለምሳሌ ለመምህራን፣ ባለሁለት ክፍል ወይም ከላይ ወደ ታች ኃይሉ ቀስ በቀስ የሚለወጥ መነጽር ይሻላል። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደ የዓይን ጠብታም አለ፤ የዓይን ብሌንን አጥብቦ ለጥቂት ሰዓታት የቅርቡን ያጠራል፤ ሆኖም ደብዘዝ ባለ ብርሃን ማየትን ስለሚያስቸግር አምሽቶ ለሚሰፋ ሰው አልመርጠውም።

ከመንገድ ዳር የሚሸጠው መነጽር ዓይን አያበላሽም፤ ነገር ግን ሁለቱም መስታወቶቹ እኩል ኃይል ስላላቸው ዓይኖችዎ የሚለያዩ ከሆነ ራስ ምታት ሊያመጣብዎ ይችላል። ከሁሉም በላይ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ግላኮማ የተባለው በሽታ ያለ ሕመም ዕይታን የሚሰርቀው በአብዛኛው ከዚህ ዕድሜ በኋላ ስለሆነ፣ መነጽር ከመግዛትዎ በፊት የዓይንዎን ግፊትና የዓይንዎን ነርቭ ያስመርምሩ። ሲሄዱም መርፌና ክርዎን ይያዙ፤ ባለሙያው መነጽሩን የሚለካልዎ እርስዎ በሚሰፉበት ርቀት ልክ እንዲሆን ነው።