ጠዋት መድኃኒት፣ ማታ ማር የሚሸተው ሽቶ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ ወንድሜ ከኦማን ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ሽቶ አምጥቶልኛል። ማሸጊያው ላይ ዑድ፣ ዕጣን፣ ከርቤና ዓምበር እንዳለበት ተጽፏል። ጠዋት እንደ ሌላው ሽቶዬ አራት አምስት ጊዜ ረጭቼ ብወጣ መድኃኒትና የከብት በረት የሚመስል ጠረን አፍኖኝ ዋለ፤ ማታ ያወለቅሁት ሻሽ ግን ማር ማር ይሸት ነበር። ሽቶው ተበላሽቶ ይሆን? ዓምበርስ ከዓሣ ነባሪ ሆድ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?

ምላሽ፦ ከገለጹልን ሁሉ የመበላሸት ምልክት የሚሆን ነገር አላገኘንም፤ እንዲያውም በሙጫ የከበደ የዓረብ ሽቶ ጠባዩ ይኸው ነው። ሽቶ የሚሸተን ከቆዳችን እየተነነ ሲወጣ በመሆኑ፣ ቀላል የሆኑት ቅመሞች በደቂቃዎች ውስጥ በንነው ሲያልቁ፣ ከሙጫ የሚገኙት ከባዶቹ ግን ለሰዓታት ይቆያሉ። ዕጣን ራሱ ሁለቱንም ይዟል፤ መጀመሪያ የሚመታን ሎሚና ጥድ የሚመስለው ስለታም ሽታ በአብዛኛው አልፋ ፓይኒን ከተባለ ቶሎ ከሚተን ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ እርሱ ካለፈ በኋላ ነው ለስላሳውና ጥልቁ መዓዛ የሚገለጠው።

የበረቱ ጠረን የዑድ ነው። ዑድ በዓረብ ምድር የሚበቅል ዛፍ አይደለም፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኘው አኩዊላሪያ የተባለ ዛፍ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ከሚያመነጨው ጥቁር ሙጫ የሚገኝ ነው። ጤነኛው እንጨት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። በተለይ በሕንድ ልማድ እንጨቱ ከመነጠሩ በፊት ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ስለሚዘፈዘፍ፣ ዘይቱ ላይ እርስዎን ያስደነገጠው ዓይነት የእንስሳ ጠረን ይቀራል፤ ወዳጆቹ የሚፈልጉትም እሱኑ ነው። ዛፉ እየተመናመነ በመሄዱ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ የአኩዊላሪያ ዝርያዎች ሁሉ ዓለም አቀፍ ንግድ፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ስለዚህ በዛሬ ሽቶዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው በቤተ ሙከራ የተቀመመ አምሳያው ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኛ አንስማማም።

ጥፋት ካለ ከመጠኑ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ልማድ ልብስ በቡኹር (በፍም ላይ በሚጨስ ሽቶ የተቀመመ እንጨት) ጢስ ይታጠንና የሽቶ ዘይቱ ከጆሮ ጀርባና ከእጅ አንጓ ላይ ጠብ ይደረጋል እንጂ፣ እንደ ቀላል ኮሎኝ ሰውነት ላይ አይርከፈከፍም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከልብስ ሥር ደረትዎ ላይ ይርጩ፤ ከቤት ከመውጣትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ቢያደርጉት ደግሞ የመጀመሪያውን ኃይለኛ ጠረን ለብቻዎ ያሳልፉታል። ሽታው ሻሹ ላይ የቆየው፣ ጨርቅ እንደ ቆዳ ስለማይሞቅና ትነቱ ስለሚዘገይ ነው፤ ነጭ ሻሽ ግን እንዳይበክልብዎ ይጠንቀቁ። ሙጫው አሁንም ከከበደዎ አበባ የበዛበትን ዓይነት ይሞክሩ፤ በሱልጣን ቃቡስ ፍላጎት እ.ኤ.አ. በ1983 በኦማን የተመሠረተው የሽቶ ድርጅት አሙአዥ እንኳ፣ ፈረንሳዊው ቀማሚ ጊ ሮቤር በሠራለት ‹ጎልድ› በተባለው ሽቶ ዕጣኑን ያቀረበው ከብዙ አበቦች ጋር አዋሕዶ ነው።

ስለ ዓምበር የሰሙት እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርስዎን ጠርሙስ አይመለከትም ብንል ብዙ አንሳሳትም። በዓረብኛ ዓንበር የተባለው ጥንት ከስፐርም ዓሣ ነባሪ አንጀት ወጥቶ፣ በባሕር ላይ ለዓመታት ተንሳፍፎ፣ የኦማንን ጨምሮ በየዳርቻው የሚተፋው ግራጫ ነገር ነበር። ዛሬ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ‹ዓምበር› ግን ብዙውን ጊዜ ላብዳነም ከተባለ የቁጥቋጦ ሙጫ፣ ቤንዞይን ከተባለ የዛፍ ሙጫና እ.ኤ.አ. በ1874 ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ ከተሠራው፣ የቫኒላን ሽታ ከሚሰጠው ቫኒሊን የሚቀመም ውሕድ ነው። ማታ ሻሽዎ ላይ ያገኙት የማር ሽታም የእሱ ሳይሆን አይቀርም።