ቦርጭ በዘይት እንክብል ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጂም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ደረቴና ክንዴ ተለውጧል፣ ቦርጬ ግን ንቅንቅ አላለም። አሰልጣኜ ሲኤልኤ የሚባል እንክብል ከዓሣ ዘይት ጋር እንድወስድ መክሮኛል። ዋጋው ለኪሴ ይከብዳል። ደግሞ እጾማለሁ። እውነት ስብ ያቃጥላል? የዓሣ ዘይቱንስ በተልባ ብተካው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲኤልኤውን ገና ካልገዛኸው ተወው። ሲኤልኤ ራሱ የስብ ዓይነት ነው፤ በከብት ሥጋና በወተት ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። ስሙ የገነነው እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ አይጦች ላይ ተሞክሮ ስባቸው በጣም ስለቀነሰ ነው። ሰው ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ እንዳሳየው፣ በቀን 3.2 ግራም የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ የቀነሱት ስብ በሳምንት 90 ግራም ገደማ ነው። ወር ሙሉ ከፍለህበት ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ሆድ የሚረብሻቸው፣ ተቅማጥ የሚይዛቸውም አሉ። በቤተሰብህ የስኳር በሽታ ካለ ደግሞ ጭራሽ አትንካው፤ አንዱ ዓይነቱ ወፍራም ወንዶች ላይ ሲሞከር ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ አድርጓል።

የዓሣ ዘይት ሌላ ነገር ነው። ጥቅም አለው፣ በደም ውስጥ ያለውን ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ይቀንሳል፣ ከከባድ ስፖርት በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመምም ትንሽ ሊያቀል ይችላል። ቦርጭ ግን አያጠፋም። ከገዛህ የጠርሙሱን ጀርባ አንብብ፦ ፊት ለፊት 1000 ሚሊግራም የሚለው የዘይቱ ክብደት ነው፣ በተለመደው እንክብል ውስጥ የምትፈልጋቸው የኦሜጋ 3 ስቦች፣ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ሚሊግራም ብቻ ናቸው።

ተልባን በተመለከተ፣ ያለው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው፣ ሰውነታችን ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ነው፣ ወደ ዲኤችኤ ደግሞ ከዚያም ያነሰውን። ስለዚህ አይተካውም። ቢሆንም የተልባ ፍትፍትህን አትተው፣ ለአንጀት በጣም ጥሩ ነው። በጾም ዓሣ የማትበላ ከሆነና ዲኤችኤ ከፈለግክ አልጌ ከሚባል ዕፅዋት መሰል የውኃ ፍጥረት የሚሠራ ዘይት አለ፤ ዓሣዋም የምታገኘው መነሻው ከዚያው ነው።

እኔ ግን አብዝቼ የማስበው ስለ ወጥህ ነው። የጾም ወጥ ስንት ዘይት እንደሚጠጣ ቤት ውስጥ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ ሽሮው ላይ ሦስት አራት ማንኪያ ሲፈስ፣ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ቆይተህ ደግሞ አንዴ ስትቀመጥ ጠገብኩ እስክትል ስትበላ፣ የጂሙ ልፋት እዚያው ይቀራል። እናትህ ወይም ወጥ የሚሠራው ሰው ዘይቱን በግማሽ እንዲቀንስልህ ጠይቅ። ለእንክብሉ ያሰብከውን ብር በምስር፣ በባቄላና በሽምብራ ላይ አውለው፣ ፍስክ ሲሆን እንቁላል ጨምርበት። ወገብህን በሜትር ለካ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ለካና ጻፍልኝ።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን የዓሣ ዘይቱን ከመጀመርህ በፊት ሐኪምህን አናግር።